ነጋድራስ ልሳኑ ጊቤን ሲሻገር

«ቁማርተኛ ነበር አሉ እኮ» አለች አንዲት ሴት በድንኳኑ ጥግ፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብሰብ አድርጋ።

«ማ? ሟቹ?»

«እሱ ነዋ። ቅዳሜ ቅዳሜ በር ዘግተው ዳይስ ሲጥሉ ነው የሚውሉት። የጴንጤ ልጅ ሆኖ!»

ዘነበ የሻይ ትሪ እንደያዘ ከኋላቸው ቆሞ ሰማ። ሊመልስ ፈለገ። ምን ብሎ ይጀምራል? ጎንበስ ብሎ ለሁለቱም ብርጭቆ ሰጣቸው። «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ብለው ተቀበሉት።

ኤጀታ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ድንኳኑ ከቀበና ወንዝ በላይ ባለው አቀበት ላይ፣ በእናቱ በእማማ አሳየች ግቢ ተተክሏል። የእድሩ አግዳሚ አልበቃ ብሎ ጎረቤት የየቤቱን ወንበር አውጥቷል። ቸርቻቸው ከታሸገ ዓመታት ስላለፉ የመዘምራን ቡድን የሚባል ነገር የለም። አልፎ አልፎ አሮጊቶቹ ድምፃቸውን አፍነው መዝሙር ያነሳሉ፤ የቀበሌ ሰው በበሩ ሲያልፍ ደግሞ ዝቅ አድርገው ያንጎራጉሩታል።

ዘነበ ከማለዳ ጀምሮ ውኃ ሲቀዳ፣ ወንበር ሲያመላልስ፣ ብርጭቆ ሲያጥብ ነበር። ያየው ሁሉ «ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው» ይለዋል። እያንዳንዱ ምስጋና እንደ እሾህ ይወጋዋል። ከኤጀታ ጋር ስምንት ወር አልተነጋገሩም። መታመሙን ሰምቶ ነበር፤ ጉበቱን ነው ብለውታል። «ለእሑድ ሄጄ እጠይቀዋለሁ» እያለ ሁለት እሑድ አሳለፈ። ሦስተኛው እሑድ ሳይደርስ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ኤጀታ ሞተ። እና አሁን ከቤተ ዘመዱ ጋር ፍራሽ ላይ ለመቀመጥ ፊት አጣ። ትሪ ሲሸከም መዋል ይሻለዋል።

ረፋድ ላይ መብሩካ መጣች። ከታች መንገዱ ዳር ሱቅ ያላቸው የአቶ ነጅመዲን ልጅ ናት፤ አሁን መድኃኒት ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እማማ አሳየች እግር ሥር ቁጭ ብላ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞራ ዘነበን ሳፋ ላይ አጎንብሶ አገኘችው። እጅጌዋን ሰብስባ አጠገቡ ተንበረከከችና እሱ ያጠበውን ታለቀልቅ ጀመር።

«የሚሉትን ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ቁማር! አንድ ቀን ምን አስይዘን እናውቃለን?»

«ታዲያ ምን እንበላቸው? ተረት ነበር የምንጫወተው እንበል? ይሄን ሁሉ ዓመት?»

«ነጋዴዎች ነበርን በላቸው» አለች መብሩካ። ዓይኗ እንደቀላ ፈገግ አለች።

ነበሩም። ነገሩ የተጀመረው በ1974 ክረምት ነው። ኤጀታ ሒሳብ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ መጻሕፍቱን ለባልደረቦቹ አደለ። ለኤጀታ ከደረሰው ካርቶን ሥር አንድ ስስ የጨዋታ መጽሐፍና ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር የተጻፈበት ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ተገኘ። ኤጀታ ወር ሙሉ መጽሐፉን ሲያነብ ከረመ። ከዚያ ዘንዶውንም፣ ግንቡንም፣ ባለ ሰይፉንም አውጥቶ ጣለ። «ይሄ የነሱ ተረት ነው፤ እኛ የራሳችን መንገድ አለን» አለና በካሬ ደብተር ላይ አዲስ ደንብ ጻፈ።

ጨዋታው አንድ ተራኪ አለው። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይፈጥሩና በዚያ ሰው አፍ ይናገራሉ። ተራኪው «ኬላ ደረሳችሁ። ሦስት ዘበኞች አሉ፤ አንደኛው ሰክሯል። ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነሱ የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ሲሆን ዳይስ ይጣላል፤ ከፍ ያለ ቁጥር ከመጣ ሆነ፣ ዝቅ ካለ አልሆነም። መንገዱ ከእንጦጦ ተነስቶ ጅማ የሚደርስ የድሮ ሲራራ ንግድ ነበር፤ አሞሌ ጨው ጭነው ይወርዳሉ፣ ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ኤጀታ ሁልጊዜ ተራኪ ነው። ዘነበ በመሥሪያ ቤቱ የንድፍ ሠራተኛ ስለሆነ ካርታዎቹን ሁሉ እሱ ሳለ፤ በጨዋታውም መንገድ መሪ ሆነ። መብሩካ የአሞሌ ነጋዴ ሆነች።

አራተኛው ኃይሉ ነው። የእማማ አሳየች የእህት ልጅ ነበር፤ እናቱ የሞተች ጊዜ በስድስት ዓመቱ ወስደው ከኤጀታ ጋር አሳድገውታል። አንደበቱ ይያዛል። አንድ ቃል ለማውጣት ዓይኑን ጨፍኖ፣ እግሩን መሬት ላይ መታ መታ አድርጎ ነው። ለጨዋታው ሰው ፍጠር ሲባል ነጋድራስ ልሳኑን ፈጠረ፤ ከሸዋ እስከ ከፋ በአፉ የሚታወቅ፣ ሽፍታን በንግግር ትጥቅ የሚያስፈታ ነጋዴ።

በመጀመሪያው ወር መብሩካ ጠብ አነሳች። «ኬላ ላይ ለምንድነው ዳይስ የምጥለው? አፍ አለኝ። ዘበኛውን አሳምሬ ካናገርኩት ያሳልፈኝ!»

«አንቺ አሳምረሽ መናገር ትችያለሽ» አለ ኤጀታ። «ነጋድራስ ልሳኑስ?»

ሁሉም ወደ ኃይሉ ዞሩ። ኃይሉ ፊቱ ቀላ። ዳይሱን አንስቶ ጣለ። አሥራ ሰባት መጣ። ኤጀታ ያን ጊዜ ድምፁን ለወጥ አድርጎ የልሳኑን ንግግር አወረደው፤ ስለ ዘበኛው አባት ጀግንነት፣ ስለ እናቱ ደግነት፣ በኬላ ስለሚውል ሰው ብቸኝነት። ዘበኛው እያለቀሰ በሩን ከፈተ። ኃይሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። መብሩካም ስለ ዳይስና ስለ ንግግር ዳግመኛ አላነሳችም።

ስለሌላው ግን ክርክሩ እንደ በረዶ ነበር የሚወርደው። መብሩካ «ደንብ ሲበዛ ጨዋታው ይሞታል» ትላለች። ኤጀታ «ደንብ ከሌለ ደግሞ የጮኸው ሁሉ ያሸንፋል» ይላል። የዘነበና የኤጀታ ጠብ ግን ከሁሉም የጠለቀ ነበር።

«ዳይሱ ታሪኩን ሲያበላሽ ተራኪው ማቃናት አለበት» ይላል ዘነበ። «ሸፍነህ ጣለው፤ ክፉ ከመጣ ደግ ነው በለን። ጥሩ ተራኪ አንዳንዴ ይዋሻል።»

«አንዴ ከዋሸኋችሁ» ይላል ኤጀታ፣ ዳይሱን ከጠረጴዛው መሐል እያስቀመጠ፣ «ከዚያ በኋላ ያሸነፋችሁትን ሁሉ እኔ የሰጠኋችሁ ይመስላችኋል።»

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው አቶ አባይነህ ወደ ድንኳኑ ገቡ። ማንጎራጎሩ ቆመ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ለእማማ አሳየች እጅ ነሱና ከሁለቱ ሴቶች አጠገብ ተቀመጡ። ሴቶቹ አዲስ ጆሮ አገኘን ብለው ያንኑ ወሬ አነሱላቸው።

«ምን ቁማር?» አሉ አቶ አባይነህ። ድምፃቸው ከፍ ስላለ ድንኳኑ ሁሉ ዞረ። «እኔ ነኝ የያዝኳቸው። የድብቅ ፓርቲ ሕዋስ ነው የሚል ጥቆማ ደርሶኝ በሩን ገፍቼ ገባሁ። ካርታ ዘርግተው 'ኬላውን በየት በኩል እናልፈዋለን?' እያሉ ይማከራሉ። አበቃላቸው አልኩ። ኤጀታ ብድግ አለና 'ጓድ አባይነህ፣ እንኳን መጡ፤ ቀረጥ ሰብሳቢ ጎድሎን ነበር' አለኝ።»

«እና ምን አደረጉ?» አለች አንደኛዋ።

«ምን አደርጋለሁ፤ ቀረጥ ስሰበስብ ዋልኩ!»

ሳቅ በለቅሶ ቤት እንደሚሳቀው ታፍኖ ወጣ። ዘነበ ያን ቀን ያስታውሳል። አቶ አባይነህ ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ተራኪው ለምን በምርጫ አይሾምም ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። ኤጀታም ድምፅ አሰጠ። አራት ለአንድ ተመረጠ። የተቃወሙት አቶ አባይነህ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ዳይስ ሲጥሉ በተከታታይ ሁለትና አንድ መጣባቸው፤ ቀረጥ ሰብሳቢው ከነበቅሎው አረንቋ ውስጥ ገባ። ይቆጣሉ ብለው ሁሉም ፈሩ። አቶ አባይነህ ግን ዳይሱን አገላብጠው አዩና «አያዳላም ማለት ነው» ብለው ሳቁ።

አሁን ያን ያህል አልሳቁም። ለመሄድ ሲነሱ እማማ አሳየች ፊት ቆሙ። «ከኃይሉ ወሬ አለ?» አሉ ዝቅ ብለው።

«ደህና ነኝ ይላል» አሉ እማማ አሳየች።

አቶ አባይነህ ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። የውትድርናው ዝርዝር ከቀበሌው ሲሄድ የኃይሉ ስም ያለበትን ወረቀት የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ይህን ግቢው ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የሚናገረውም የለም።

ኃይሉ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ ሦስቱ መጫወታቸውን አልተዉም። ነጋድራስ ልሳኑም አብሯቸው ተጓዘ። ኤጀታ «ልሳኑ ከኋላ እየተከተላችሁ ነው» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም። ለልሳኑ ዳይስ የጣለለት የለም። ሳይነጋገሩ የተስማሙበት ነገር ነበር፤ ቢያንስ ዘነበ እንደዚያ መስሎት ነበር።

በመስከረም 1979 ጊቤ ሞልቶ ደረሱ። ዘነበ ጣለ፣ ተሻገረ። መብሩካ ጣለች፣ አንድ በቅሎ አጥታ ተሻገረች። ከዚያ ኤጀታ ዳይሱን ራሱ አነሳ።

«ልሳኑም ይሻገራል» አለ። «ከአምስት በታች ከመጣ ወንዙ ይወስደዋል።»

እዚያው ጣለው። ሦስት።

ኤጀታ ለረጅም ጊዜ ቁጥሩን አየ። «ነጋድራስ ልሳኑን ጊቤ ወሰደው» አለ።

«መልሰህ ጣለው!» ዘነበ ከወንበሩ ተነስቷል።

«አልጥልም።»

«ልጁ ጦር ሜዳ ነው ያለው ኤጀታ! ወንድምህ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ደንብህን ነው የምታውቀው። ከሰው ይልቅ ደንብህን ትወዳለህ።»

ኤጀታ ቀና ብሎ አየው። የሚናገረው ያለው ሰው ይመስል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰና ተወው። ዘነበ የሳላቸውን ካርታዎች ሁሉ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ወጣ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተያዩ። በሁለቱም ጊዜ ዘነበ ቀድሞ ወደ ማዶ ተሻገረ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ከመፍረሱ በፊት እማማ አሳየች ዘነበን ወደ ውስጥ አስጠሩት። ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ታናሽ ወንድማቸው አቶ ጉደታ አጠገባቸው አሉ።

«ዘነበ ልጄ፣ አንድ ነገር እንድትረዳን ነው» አሉ አቶ ጉደታ። «ለኃይሉ በየወሩ የሚጽፍለት ኤጀታ ነበር። ደብዳቤ ከቀረበት ይሠጋል። መርዶ ደግሞ በወረቀት አይነገርም፤ ደጋፊ ዘመድ በሌለበት፣ በበረሃ። እስኪመለስ ይቆየው። አንተ እጅህ የሠለጠነ ነው፤ የኤጀታን ጽሕፈት ማስመሰል አያቅትህም። በሱ ስም ሁለት ሦስት መስመር፤ ሁላችንም ደህና ነን ብለህ።»

ዘነበ ሳያቅማማ «እሺ» አለ። ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ ደግ ውሸት ነው። ለዚህ ሲከራከር ኖሯል። ለኤጀታ ምንም ያላደረገ ሰው ለኃይሉ ይህችን ቢያደርግ ምን አለበት?

«አድራሻውና የኤጀታ ጽሕፈት ያስፈልገኛል።»

እማማ አሳየች ከትራስ ሥር ፖስታ አወጡ። «የመጨረሻው የኃይሉ ደብዳቤ ይሄ ነው። በጥር መጣ። አንብብልኝ እስቲ፤ ኤጀታ ሲያነብልኝ መሐሉን 'ይሄ የኔና የሱ ጉዳይ ነው' እያለ ያልፈዋል። እኔ የሱን ጥልፍልፍ ጽሕፈት አልችለውም።»

ዘነበ ወረቀቱን ገልጦ ማንበብ ጀመረ። ሰላምታው ረጅም ነበር። ከዚያ እንዲህ ይላል፦

«ለልሳኑ እንደማንኛውም ሰው ጣልለት ብዬ ለምኜህ ስለጣልክለት አመሰግንሃለሁ። ሦስት መጣ ስትለኝ እዚህ ለጓደኞቼ 'ጊቤ ወሰደኝ' ብዬ ስነግራቸው ስንስቅ ዋልን። ለልሳኑ ሳትጥሉለት ብትቀሩ ኖሮ አዝናችሁልኝ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ብታዝኑልኝ ደግሞ ከወዲሁ እንደቀበራችሁኝ እቆጥረው ነበር። ዘነበ መቆጣቱን ጽፈህልኛል። አትንገረው ያልኩህ እኔ ነኝ። ምክንያቱን ካወቀ ያዝንልኛል፤ እሱ አንጀቱ ስስ ነው። ስመጣ እኔው እነግረዋለሁ፤ እስከዚያ ቻለው። ኤጀታ፣ እዚህ ለሰው ሁሉ የሚመጣው ደብዳቤ 'ሁላችንም ደህና ነን' ነው የሚለው። የአንዱ ጓደኛዬ አባት ከሞቱ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው ያወቀው። አሁን ምንም ወረቀት አያምንም። እኔ ግን ያንተን አምናለሁ። ክፉም ቢመጣ የወደቀውን ቁጥር እንደምትነግረኝ ስለማውቅ፣ ደህና ናት እናታችን ስትለኝ እተኛለሁ።»

ዘነበ ማንበቡን አቆመ። ቀጣዩን መስመር ማየት አቃተው። ያን ቀን የኤጀታ ከንፈር ተንቀሳቅሶ የተወው ነገር ምን እንደነበር አሁን ገባው። ስምንት ወር ሙሉ ቃሉን ጠብቆ፣ ተሰድቦ፣ ታሞ፣ ዝም ብሎ ሞተ።

«ምንድነው ልጄ?» አሉ እማማ አሳየች። «ወንዝ የወሰደው ማን ነው?»

ነገራቸው። ስለ መንገዱ፣ ስለ ኬላው፣ ስለ ልሳኑ። ሲናገር የሚንተባተበው እሱ ነበር። እማማ አሳየች አላቋረጡትም። ዳይስ የሚለው ቃል ሲነሳ እንኳ እንደወትሮው ፊታቸውን አላኮማተሩም። የዘበኛውን ልቅሶ ሲሰሙ ጥርሳቸው ታየ።

«ኃይሉዬ ነው እንደዚያ የተናገረ?»

«እሱ ነው፤ በኤጀታ አፍ።»

ከውጭ የድንኳኑ ካስማ ሲነቀል ይሰማል።

«እማማ» አለ ዘነበ። «በኤጀታ ስም መጻፍ አልችልም። መርዶ እንዲህ እንደማይነገር አውቃለሁ። ግን ይሄ ልጅ የሚያምነው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ያንን ካጠፋንበት ምን ይቀረዋል?»

አቶ ጉደታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በበረሃ ብቻውን ያለቅስ? ማን ዕንባውን ይጠርግለታል? እኔ በዚህ የለሁበትም።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለ ዘነበ።

እማማ አሳየች ሁለቱንም አዩአቸው። ከዚያ መቀነታቸውን ፈተው እንደገና አጥብቀው አሠሩ። «ጉደታ፣ ስታስብልኝ ነው፤ አውቃለሁ። ግን አንዱ ልጄ ሲዋሽ አላደገም። ሌላው ደግሞ እንዲዋሹት አልፈለገም። እኔ በመሐል ገብቼ ላበላሽ?» ወደ ዘነበ ዞሩ። «ጻፈው። መጀመሪያ እኔ በሕይወት እንዳለሁ ንገረው፤ ከዚያ እሱን ንገረው። አብሮት የሚስቀው ጓደኛ አለው አይደል? አጠገቡ አስቀምጦ እንዲያነበው በለው።»

ዘነበ መሬት ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አደረገ። በራሱ ጽሕፈት፣ ኮስተር ባለው የመሥሪያ ቤት ፊደሉ ጻፈ። «ኃይሉ፣ ይህን የምጽፍልህ ዘነበ ነኝ እንጂ ኤጀታ አይደለሁም። ከማንበብህ በፊት ጓደኛህን ጥራና አጠገብህ ይቀመጥ። እናታችን ደህና ናት፤ አሁን ፊቴ ተቀምጣለች።» ከዚያ ቀኑን፣ ሕመሙን፣ ቀብሩን አንድም ሳያሳንስ ጻፈ። አቶ አባይነህ በድንኳኑ የተናገሩትንም ጻፈለት። መጨረሻ ላይ «እኔ ሳልጠይቀው ሞተ» ብሎ አሰፈረ። ሊሰርዘው አሰበና ተወው።

ጮክ ብሎ አነበበላቸው። አቶ ጉደታ በመሐሉ ተነስተው ወደ ውጭ ወጡ። እማማ አሳየች እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ስሜን ራሴ ልጻፍ» አሉ።

መሠረተ ትምህርት የገቡት ሁለት ወር ብቻ ነው፤ ወገባቸውን ሲያማቸው ትተውታል። እስክሪብቶውን እንደ ማማሰያ ጨብጠው ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ። አንዱን ፊደል ጽፈው ያርፋሉ፣ ሌላውን ጽፈው ያርፋሉ። ‹አሳየች› የሚለው ስም ግማሹን መስመር ያዘ። ዘነበ ወረቀቱን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ አልለቀቁትም።

«እናትህ ልበለው» አሉ። ‹እ›ን ጻፉ። ‹ና›ን ጻፉ። ከዚያ ቆሙ። «ት እንዴት ነበረች?»

«በስምዎ መጨረሻ ላይ ያለችው ች ናት፣ እማማ። አናቷ ላይ ያለችውን ብቻ ይተዉላት።»

እማማ አሳየች የጻፉትን ስማቸውን በጣታቸው እየዳበሱ ሄደው የመጨረሻዋን ፊደል አገኟት። አናቷን በአውራ ጣታቸው ሸፍነው ለጥቂት ጊዜ አዩአት። ከዚያ ወደ ታችኛው መስመር ተመልሰው ቀስ አድርገው ጻፏት።